ከመጽሐፍ የተነጠለ የኤዞፕ ሥዕል፦ ከየትኛው እትም እንደመጣ በምን ይለያል?

ማኅሌት

ሰላም ለሁላችሁም። የቀበሮና የሽመላ ተረት ሥዕል ያለበት አንድ ነጠላ ቅጠል እጄ ላይ አለ። ሽመላዋ ምንቃሯን አንገተ ረጅም ዕቃ ውስጥ ከታ ትበላለች፣ ቀበሮው ቆሞ ያያል። ከሥዕሉ ሥር በእጅ ጽሑፍ መልክ የተቀረጹ የእንግሊዝኛ ስንኞች አሉ። የርዕስ ገጽ፣ ያሳተመው ሰው ስም፣ ዓመት፣ ምንም የለም። ሻጩ "የ17ኛው ክፍለ ዘመን" ብሏል። ተመሳሳይ ሥዕል ኢንተርኔት ላይ ሲፈለግ ግን ከ1560ዎቹ እስከ 1800ዎቹ በየመጽሐፉ ይገኛል (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። አንዳንዱ ላይ ቀበሮው በግራ ነው፣ አንዳንዱ ላይ በቀኝ። ከምን ልጀምር?

ሰሌዳና ቀለም

ማኅሌት፣ ሥዕሉን ለጊዜው ተዪው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከሥዕሉ ስለሚጀምር ነው። የእንስሳት ተረት ሥዕል ከጽሑፉ ይበልጥ ሳይለወጥ የሚወራረስ ነገር ነው። ተርጓሚ ቃል ይቀይራል፣ ስንኝ ያሳጥራል፤ ቀራጭ ግን ፊቱ ያለውን ቀበሮ ከነጅራቱ ያወርደዋል። ስለዚህ የቀበሮው አቋም ዕድሜ አይናገርም። ዕድሜ የሚናገሩት ቀለሙ ወረቀቱ ላይ የተቀመጠበት መንገድና ወረቀቱ ራሱ ናቸው።

ቅጠሉን ገልብጪና ጀርባውን እዪ። መብራቱን ከጎን አምጥተሽ ከጠረጴዛው ጋር እስኪተካከል ዝቅ አድርጊው። መስመሮቹ በጀርባ በኩል ተገፍተው ካበጡ፣ የታተመው ዙሪያው ተጠርቦ መስመሩ ጎልቶ ከቀረ እንጨት ነው። ጀርባው ለጥ ያለ ሆኖ በፊት በኩል ሥዕሉን የሚከብ ባለ አራት ማዕዘን ስርጉድ ካለ ደግሞ የመዳብ ሰሌዳ ነው። ስርጉዱን የሚፈጥረው እርጥብ ወረቀት ከነሰሌዳው በሁለት ሲሊንደር መሃል በከባድ ጫና ማለፉ ነው። ሁለት ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። ኅዳጉ ተቆርጦ ከሆነ ስርጉዱም አብሮ ሄዷል፤ አለመኖሩ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። በኋላ ዘመን በፎቶ ተባዝተው ሐሰተኛ ስርጉድ የተደረገባቸው ቅጂዎችም አሉ፤ መኖሩም ብቻውን አይበቃም።

ስለዚህ 10 እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ያዢ። በእንጨት ህትመት ቀለሙ ወደ መስመሩ ዳር ስለሚገፋ ዳሩ ከመሃሉ ይጠቁራል። በመቅረጫ ብረት የተቆፈረ መዳብ መስመሩ ቀስ እያለ ይሰፋና እንደ መርፌ ሾሎ ያልቃል። ኢቺንግ፣ ማለትም በሰም የተቀባው መዳብ በመርፌ ተጭሮ አሲድ የበላው፣ የመስመሩ ጫፍ ድፍንና ክብ ነው፤ አካሄዱም እንደ ብዕር ነጻ ነው። በሁለቱም የመዳብ ዓይነቶች ቀለሙ ከወረቀቱ በላይ ቆሞ ይታያል። ጥላው ከተደረደሩ ነጥቦች ከተሠራ ግን ፍለጋው እዚያው አበቃ፤ ያ ከ1880ዎቹ ወዲህ የመጣ የፎቶ ህትመት ነው።

በመጨረሻ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አንሺው። በሽቦ ወንፊት የተሠራ የእጅ ወረቀት ከሆነ ቀጫጭን ጥቅጥቅ ያሉ መስመሮችና እነሱን የሚያቋርጡ፣ በ25 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚራራቁ መስመሮች ያሳያል። መስመር አልባው ወረቀት በአውሮፓ መጽሐፍ ውስጥ የታየው በ1757 ነው፤ የተስፋፋውም ከ1790ዎቹ ወዲህ ነው። መስመር ከሌለው "17ኛው ክፍለ ዘመን" የሚለው ወሬ ወድቋል።

ማኅሌት

ስርጉዱ አለ፤ ሥዕሉንም ስንኞቹንም አንድ ላይ ይከባል። የመስመሮቹ ጫፍ ድፍን ነው፣ ሣሩና ላባው በነጻ እጅ የተጫረ ይመስላል። ስንኞቹ ግን ጫፋቸው ሾል ያለ ነው። ወረቀቱ የወንፊት መስመር አለው፣ ርቀቱ 25 ሚሊ ሜትር ገደማ። ነጥብ የለም።

ጋሽ ብራና

መልካም። ሥዕሉ ኢቺንግ፣ ጽሑፉ በመቅረጫ የተቆፈረ ማለት ነው፤ ይህ በሰሌዳ ሥራ የተለመደ ነው። የመዳቡን ነገር ለሚያውቁት ልተወውና ውይይቱን ለሚከታተሉ ሰዎች ስለ እንጨቱ ዘመን ልበል፤ ሥዕሎቹ መወራረስ የጀመሩት እዚያ ነውና።

የኡልሪክ ቦነር የተረት ስብስብ በባምበርግ ከተማ በአልብሬሽት ፊስተር ማተሚያ የካቲት 14 ቀን 1461 ታትሞ ወጣ። ቀን ተጽፎባቸው ከደረሱን ባለሥዕል የታተሙ መጻሕፍት ቀዳሚው የእንስሳት ተረት መሆኑ ልብ ሊባል ይገባዋል። ቅጂው ቮልፈንቢውተል ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ፊስተር ፊደሉን ካተመ በኋላ ሥዕሎቹን በተተወላቸው ባዶ ቦታ ለብቻቸው ነበር የሚያትመው። ሥራው ሁለት ጊዜ ስለሆነ ሥዕሉ ከመስመር ሊያዘነብል፣ የቀለሙም ድምቀት ከፊደሉ ሊለይ ይችላል። በኋላ የእንጨቱን ውፍረት ከፊደሉ ቁመት ጋር አስተካክሎ በአንድ ማዕቀፍ አብሮ ማሰር ሲለመድ ሁለቱ ባንድ ጊዜ መታተም ጀመሩ።

ከዚያ በ1476 ገደማ ኡልም ላይ ዮሃን ዛይነር የሃይንሪክ ሽታይንሄቨልን ኤዞፕ አተመ፣ በላቲንና በጀርመንኛ፣ ከ190 በላይ ሥዕሎች ይዞ። የተረት ሥዕል ወላጅ ይሄ ነው ብል አላጋነንኩም። እንጨቶቹ ራሳቸው ወደ አውግስቡርግ ሄደው በአንቶን ዞርግ እጅ እንደገና ታተሙ። ሥዕሎቹ ደግሞ በሌላ እንጨት ተቀርጸው ሊዮን በ1480 ወጡ፣ ከሊዮኑ ተቀድተው ደግሞ በ1484 ዌስትሚንስተር ላይ በአታሚው ካክስተን እንግሊዝኛ ኤዞፕ ገቡ። ያው ሥዕል፣ ሦስት ቀራጭ፣ በየደረጃው መስመሩ እየወፈረና ዝርዝሩ እየጠፋ።

እዚህ ላይ መለየት ያለበት አንድ ነገር አለ፦ ያው እንጨት ነው ወይስ ያው ሥዕል? ያው እንጨት ከሆነ ቁስሉ አብሮት ይሄዳል። የሥዕሉን ድንበር ተከትላችሁ ዙሩ። ቀጭኑ የዳር መስመር ቶሎ ይሰበራል፤ ስብራቱ በየቅጂው በአንድ ቦታ ከተገኘ እንጨቱ አንድ ነው። ብል የበላው ቀዳዳ ሥዕሉ ላይ ክብ ነጭ ነጥብ ሆኖ ይወጣል። ቀዳዳ ደግሞ ይበዛል እንጂ አይቀንስም። ሦስት ነጥብ ያለው ህትመት ሰባት ካለው ይቀድማል። ከቀለምም ከወረቀትም የበለጠ የታመነ ሰዓት ነው። ግን በውሃ የወፈረ እንጨት ስንጥቁ ተዘግቶ ሊታተም ስለሚችል በስንጥቅ ብቻ ቅደም ተከተል አታውጡ።

ኮምፓስ

ጋሽ ብራና፣ እግዜር ይስጥልን። አንድ ጥያቄ፦ ግራ ቀኙ የተገለበጠው ሥዕል ሁልጊዜ ቅጂ ነው፣ ያልተገለበጠው ኦሪጅናል ነው የሚባለው እውነት ነው? ከሆነ የማኅሌት ጉዳይ በአንድ እይታ ያልቃል።

ሰሌዳና ቀለም

ግማሹ እውነት ነው፣ ሌላው ግማሽ ሰውን ያሳስታል። መገልበጡ ከየት እንደሚመጣ እንይ። ቀራጩ የታተመውን ሥዕል ሰሌዳው ላይ አድርጎ እንዳለ ይነድፋል፣ ይቀርጻል። ሰሌዳው ላይ ቀበሮው በግራ ነው። ሰሌዳው ወረቀት ሲነካ ግን ቀበሮው በቀኝ ይወጣል። ትክክለኛ አቅጣጫ የሚፈልግ ቀራጭ ሥዕሉን በመስታወት እያየ መሥራት ይችላል፣ ወይም ወረቀቱን ዘይት ቀብቶ ብርሃን እንዲያሳልፍ ካደረገ በኋላ በጀርባው በኩል ይነድፋል። ይህ ተጨማሪ ሥራ ስለሆነ ርካሽ እትም የሚያወጣ ሰው ይዘለዋል።

እንግዲህ ቅጂ ተገልብጦ ይወጣል፣ የቅጂው ቅጂ ደግሞ ተመልሶ ይቃናል። ሁለተኛው ቅጂ በአቅጣጫ ከኦሪጅናሉ አይለይም። ኦሪጅናሉ ራሱ ሠዓሊው ከነደፈው ንድፍ የተገለበጠ ሊሆን ይችላል። አቅጣጫ የሚነግረን በሁለት ሥዕሎች መካከል ያሉት የቅጂ እርምጃዎች ጎዶሎ ወይም ተጋማሽ ቁጥር መሆናቸውን ብቻ ነው፤ ማን ማንን እንደቀዳ አይነግረንም።

ማን ማንን እንደቀዳ የሚታወቀው በስሕተት ነው። ሰው ያለበትን ተረት ምረጡ፦ አጫጁ ማጭዱን፣ አዳኙ ቀስቱን፣ እንጨት ቆራጩ መጥረቢያውን በየትኛው እጁ ያዘ? በአንድ እትም ሰዎች ሁሉ ግራኝ ከሆኑ ያ እትም የተቀዳ ሳይሆን አይቀርም። ሌላው ምልክት ትርጉሙ ሳይገባ የተቀዳ ነገር ነው። በመጀመሪያው ሥዕል የዕቃ ጥላ የነበረው በቅጂው ድንጋይ ይሆናል፣ ከጀርባ ያለ ቅርንጫፍ የአጋዘን ቀንድ ላይ ይበቅላል። ቅጂ ያበላሻል እንጂ ማንም ሳይገባው የተበላሸን ነገር አያቃናም።

የመዳብ ልጅ

ወደ ማኅሌት ቅጠል ልመለስ፣ ምክንያቱም የመዳቡ ሰንሰለት ግልጽ ነው።

መነሻው በ1567 ብሩዥ ላይ የታተመው የማርከስ ጌራርትስ ሥራ ነው፤ 107 የተረት ኢቺንግ። ከእሱ በፊት የተረት እንስሳ አርማ ዓይነት ነበር። አንበሳው ጎፈር ያለው ውሻ፣ ሽመላዋ እግር ያላት ዱላ ትመስላለች። ጌራርትስ ጡንቻውን፣ ክብደቱን፣ የቆመበትን መሬት ጨመረ፤ ኢቺንግ ደግሞ ፀጉርንና ላባን እንደ ብዕር እንዲጭር ፈቀደለት። በ1578 ሌሎች 18 ሥዕሎች ተጨምረው 125 ሆኑ። በ1617 አምስተርዳም ላይ ባለቅኔው ቮንደል ስንኝ ጽፎላቸው እነዚያው ሰሌዳዎች እንደገና ታተሙ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ የሠሩ ሰሌዳዎች ናቸው! በመሃል ደግሞ በ1608 ፕራግ ላይ ኤጊዲየስ ሳደለር ሥዕሎቹን በራሱ ሰሌዳዎች አውጥቷቸዋል።

ከዚያ የእንግሊዙ ፍራንሲስ ባርሎው መጣ፣ ለንደን፣ 1666። መጽሐፉ በሦስት ቋንቋ ነው፦ በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛና በላቲን። ባርሎው ከጌራርትስ ብዙ ወስዷል፣ ግን ወፍ አዋቂ ሠዓሊ ስለነበር ወፎቹን እንደገና ሠርቷቸዋል፤ ሽመላ፣ ጉጉት፣ ዝይ ላይ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። ያልተሸጠው ቅጂ ብዙው በዚያው ዓመት በለንደን ታላቅ ቃጠሎ ወደመ። በ1687 ሁለተኛው እትም ወጣ፣ የኤዞፕን ሕይወት የሚያሳዩ ሥዕሎች ተጨምረው።

ሰንሰለቱ ይቀጥላል። በ1722 የሳሙኤል ክሮክሳል ኤዞፕ ውስጥ ኤላይሻ ከርካል ብዙዎቹን የባርሎው ሥዕሎች አሳንሶ ጎልቶ በሚታተም ብረት ላይ ቀረጻቸው፣ ብዙዎቹም ተገልብጠዋል። እንግሊዛዊው እንጨት ቀራጭ ቶማስ ቢዊክ በ1784 የተረት መጽሐፉን ሲሠራ መነሻው ክሮክሳል ነበር። ማኅሌት ከ1560ዎቹ እስከ 1800ዎቹ ያው ሥዕል የተገኘላት ለዚህ ነው።

የእሷ ቅጠል ኢቺንግ ስለሆነ ከርካልም ቢዊክም አይደለም። የእንግሊዝኛ ስንኝ ስላለው ባርሎው ዘንድ ያደርሰናል። የቀረው 1666 ወይስ 1687 የሚለው ነው። ስንኞቹ ይለዩታል። በመጀመሪያው እትም ከሥዕሉ ሥር ያሉት የቶማስ ፊሊፖት ናቸው፤ በሁለተኛው የአፍራ ቤን ናቸው። የቤን አራት መስመር ታሪክና ሁለት መስመር ትምህርት ነው። ማኅሌት፣ መስመሮቹን ቁጠሪና ከታወቀ ቅጂ ጋር ቃል በቃል አነጻጽሪያቸው።

ኮምፓስ

መዳብ ስንት ህትመት ይችላል? ሃምሳ ዓመት ሲባል ገርሞኝ ነው።

የመዳብ ልጅ

እንደ ቀለም ጠራጊው እጅ ይለያያል። በጥልቀት የተቆፈረ ሰሌዳ ጥቂት ሺህ ያህል ሊቆይ ይችላል፤ ኢቺንግ ጥልቀቱ አነስተኛ ስለሆነ ቀድሞ ይደክማል። የሚጎዳው ጫናው ብቻ አይደለም፤ ከእያንዳንዱ ህትመት በፊት ትርፉ ቀለም በጨርቅና በመዳፍ ሲጠረግ መዳቡም ይጠረጋል። መጀመሪያ የሚጠፋው ሰማዩ፣ የሩቅ ተራራውና ስሱ ጥላ ነው። ቀበሮው ጠቁሮ፣ ከጀርባው ያለው መንደር ደብዝዞ ካያችሁ የደከመ ሰሌዳ ነው። ባለቤቱ ሊያድሰው ሲል በመቅረጫ ደግሞ ይቆፍረዋል፤ ያኔ ድፍን ጫፍ ባላቸው መስመሮች መካከል ሾል ያሉ ጥቋቁር መስመሮች ይገባሉ። በአጉሊ መነጽር ይህ ቅልቅል ሥዕሉ ላይ ከታየ የኋላ ህትመት መሆኑን ጠርጥሩ።

አቦጊዳ

ስለ ሰሌዳ ደረጃ፣ ማለትም ያው ሰሌዳ በህትመት መሃል ስለሚለዋወጥበት ሁኔታ፣ ከተነሣ ሠዓሊው ኡድሪ ለፈረንሳዊው ባለቅኔ ላ ፎንቴን ተረቶች የነደፋቸው ሥዕሎች መነሣት አለባቸው፤ እዚያ ላይ ብዙ ገንዘብ የሚያስከፍል ስሕተት ይሠራል።

ዣን ባቲስት ኡድሪ ሥዕሎቹን የነደፈው ከ1729 እስከ 1734 ነው። ንድፉ በብሩሽና በቀለም ውሃ የተሠራ፣ ልቅ ያለ ስለነበረ ቀራጮች መስመር ሊያወጡለት አልቻሉም። ሻርል ኒኮላ ኮሻን ለቀራጮቹ እንዲመች እንደገና ነደፋቸው። መጽሐፉ ፓሪስ ላይ ከ1755 እስከ 1759 በአራት ትልልቅ ጥራዝ ወጣ፣ 275 ሥዕሎችና አንድ የመግቢያ ሥዕል ይዞ። ስለዚህ "የኡድሪ ሥዕል" ስንል እንስሳው የኡድሪ፣ ልቅም ያለው ቅርጹ የኮሻን፣ መስመሩ የብዙ ቀራጮች ነው።

የዝንጀሮውና የነብሩን ተረት የያዘውን ሥዕል እዩ። የገበያ ትርኢት ነው፣ ድንኳኑ ላይ ትልቅ ጨርቅ ተሰቅሏል። በአንዳንድ ቅጂ ጨርቁ ባዶ ነው፣ በሌላው በትልልቅ ፊደል "ለ ሌዮፓር" (ነብሩ) ይላል። ባዶው ቀዳሚ ደረጃ ነው፤ ጽሑፉ ሰሌዳው መታተም ከጀመረ በኋላ ተጨመረ። ብዙ ሻጭ ባዶውን "የመጀመሪያ እትም"፣ ሌላውን "ሁለተኛ እትም" ይለዋል። ስሕተት ነው። እትሙ አንድ ነው፣ የተለየው የሰሌዳው ደረጃ ነው። ዋጋው ግን ስለሚለያይ ጨርቁ ባዶ ሲሆን ቦታውን ከጎን በሚመጣ ብርሃን መርምሩ። ፊደል ከወረቀት ላይ ተፍቆ ከሆነ የወረቀቱ ጭረት ይነሣል፣ ጠጉራም ይሆናል፣ ወደ ብርሃን ሲያዝም ሳስቶ ይታያል።

የግንድ ፊት

ቢዊክ በሁለት ቃል ባይታለፍ ደስ ይለኛል። የቀደመው ቅርጽ በጣውላ ፊት፣ በእንጨቱ ጭረት አቅጣጫ፣ በቢላ የሚሠራ ነው። ቢዊክ የተካነበት መንገድ ቦክስውድ የሚባል ጠንካራ እንጨት ግንዱ እንደ ዳቦ ተቆራርጦ፣ በተቆረጠው ፊት ላይ በመዳብ ቀራጭ መሣሪያ የሚሠራ ነው። እዚያ ፊት ላይ ጭረት ስለሌለ መሣሪያው በየትኛውም አቅጣጫ ይሄዳል። ከጥቁር ውስጥ ነጭ መስመር ይወጣል፤ የሽመላዋ ላባ ነጭ ጭረት ሆኖ የሚታየው ለዚህ ነው። ቁመቱ ከእንግሊዝ ፊደል ቁመት ጋር፣ 23.3 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ስለሚተካከል ከጽሑፉ ጋር ይታሰራል።

ደብዛዛ ሰማይ ሲፈልግ ቢዊክ ከመቅረጹ በፊት ያንን የእንጨቱን ክፍል በስሱ ይፍቀው ነበር። ዝቅ ያለው ቦታ ጫና ስለሚያንሰው ግራጫ ሆኖ ይታተማል። ይህ ብልሃት የሚበላሸው በአታሚው ነው። ከእንጨቱ በላይ ያለው መደገፊያ ወፍራምና ለስላሳ ከሆነ ወረቀቱ ወደ ዝቅታው ይገባና ሰማዩ ከፊት እንዳለው ምስል ይጠቁራል። ስለዚህ የ1818 ኤዞፑ ሥዕል ጥቁርና ጭፍግግ ያለ ሆኖ ሲገኝ ቀራጩን ከመውቀስ በፊት የሌላ ቅጂ ያንኑ ገጽ ማየት ይገባል።

የቦክስውድ ግንድ ቀጭን ስለሆነ ለትልቅ ሥዕል ቁርጥራጭ በብሎን ይጋጠማል። በ1867ቱ የጉስታቭ ዶሬ ላ ፎንቴን ሙሉ ገጽ ሥዕሎች ላይ ሰማዩን በመነጽር ተከተሉት፤ ቀጥ ያለ ፀጉር የሚያህል ነጭ መስመር ካቋረጠው መጋጠሚያው ነው፣ የወረቀት እጥፋት አይደለም። የዶሬን ሥዕል የቀረጸው ዶሬ አይደለም፤ ከሥር ያሉትን ፊርማዎች አንብቡ። "ኢንቬኒት" ወይም "ዴሊኔያቪት" የነደፈው፣ "ስኩልፕሲት" የቀረጸው፣ "ፌኪት" የሠራው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ነዳፊው በግራ፣ ቀራጩ በቀኝ።

ሰሌዳና ቀለም

ስለ ቀለም ቅብ አጭር ነገር። የጥንት ሥዕል ላይ አረንጓዴ ካለ ጀርባውን እዩ። ከመዳብ ዝገት የሚሠራው አረንጓዴ ወረቀቱን ይበላል፣ በጀርባ በኩል የአረንጓዴውን ቅርጽ ይዞ ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ቡናማው ካለ ቀለሙ ዕድሜ አለው። ደማቅ አረንጓዴ ሆኖ ጀርባው ንጹሕ ከሆነ በቅርብ የተቀባ መሆኑን ጠርጥሩ። እንዲህ የተበላ ቅጠል አይታጠፍም፣ አይታጠብም፤ ውሃ ጉዳቱን ወደ ንጹሑ ወረቀት ያስፋፋዋል።

የ1887ቱ የዋልተር ክሬን ኤዞፕ በኤድመንድ ኢቫንስ ማተሚያ ለየቀለሙ በተቀረጸ እንጨት የታተመ ነው፣ የእጅ ቅብ አይደለም። የ1912ቱ የአርተር ራክሃም 13 ባለቀለም ሥዕሎች ደግሞ ከነጥብ የተሠሩና በተወለወለ ወረቀት የታተሙ ናቸው። ያ ወረቀት እርጥበት ካገኘው ከፊት ለፊቱ ገጽ ጋር ይጣበቃል፤ ሲላቀቅ ሥዕሉ ይገፈፋል።

ማኅሌት

ስንኞቹ ስድስት መስመር ናቸው፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ከላይኞቹ ፈቀቅ ብለዋል። ከታወቀ ቅጂ ጋር ማነጻጸሩ ይቀረኛል። የሩቁ ዛፍና ሰማዩ ሳስቷል፣ የቀበሮው ጀርባ ግን ጥቁር ነው።

የመዳብ ልጅ

ሁሉም ወደ 1687 ያመለክታል። ቃሉ ከገጠመ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር እዪ። ከሰሌዳ ላይ ጽሑፍ ሲነሣ መዳቡ ይፋቃል፣ ይለሰልሳል፣ ቦታው እንዳይሰረጉድ ከጀርባ በመዶሻ ይመታል። ሙሉ በሙሉ ካልተስተካከለ ጎድጓዳው ቀለም ይይዛል፣ ከስንኞቹ ኋላ ስስ ግራጫ ጥላ ይታተማል፤ አንዳንዴም የድሮው ፊደል ጭራ በሁለት መስመር መካከል ብቅ ይላል። ስንኙን አካባቢ ብቻ በጎን ብርሃን ፎቶ አንሺው፣ ከአጠገቡ ማስመሪያ አድርጊ፣ የስርጉዱንም ቁመትና ስፋት በሚሊ ሜትር ጻፊልን። እርጥብ ወረቀት ሲደርቅ ስለሚኮማተር ከሌላ ቅጂ ጋር የሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ልዩነት ቢመጣ አትደንግጪ፤ ከዚያ ብዙ ካለፈ ግን ሰሌዳው ሌላ መሆኑን ጠርጥሪ።